የማይጠይቁበት ሱቅ

መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሳምራዊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጥምቀትን በሰላም አሳለፍን። ታቦቱን እስከ ማደሪያው ሸኝቼ ብመለስ ጉልበቴ ሦስት ቀን ተቀየመኝ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ «ለምንህ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተበላሸ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። መስመሩ ደኅና ነበር። እናትሽ ኣሪያም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ከፋለ ሲዋሽ ሳል ይይዘዋል» ትል አልነበር? ስልክ ላይ ሳሌ ያሳብቅብኛል። ደግሞም በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተዘግቶ በሰው በሰው ስንጻጻፍ ከለመድነው ወዲህ ቁም ነገር በወረቀት ነው የሚሆንልኝ። ጎረቤታችን ፍቃዱም ለንግዱ በየጊዜው በአውሮፕላን ስለሚመላለስ ፖስተኛ አላጣንም።

ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። የብረት መፈለጊያ ማሽኑን የፈለግሁት ለወርቅ አይደለም፤ አትሳቂ። ሠላሳ ዓመት ቀያሽ ሆኜ በዚህ ከተማ ዳርቻ የተከልኩት የወሰን ፌሮ ቁጥር የለውም። ጡረታ የወጣ ሰው የድሮ ሥራውን ዞር ዞር ብሎ ማየት ያምረዋል። አፈር የዋጠውን አንድ ሁለት ፌሮ ፈልጌ ባገኝ ደስ ይለኛል። ይኸው ነው።

እዚህ ከወርቅ ቁፋሮ የተመለሱ ሰዎች ያገለገለ ማሽን ይሸጣሉ ሲሉኝ ሄጄ አንዱን አየሁት። የባትሪው ክዳን በፕላስተር ታስሯል። ሰውዬው «ይህ ማሽን ስንት ወርቅ አውጥቶልኛል መሰለህ!» አለኝ። «ታዲያ ምን ጎደለህና ትሸጠዋለህ?» ብዬ ትቼው መጣሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ጠይቂልኝ። ክንድ ያህል ጠልቆ ማየት አለበት፤ ፌሮንም ከቆርቆሮ መለየት አለበት። ከፋሲካ በፊት ቢደርስልኝ እወዳለሁ።

ለሰው አትንገሪ። ሽማግሌው በእርጅናው ወርቅ ቆፋሪ ሆነ ይሉኛል።

አባትሽ ከፋለ


አዲስ አበባ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ወረቀት ላይ ለማያስለው አባቴ፣

ሰላም ነህ አባዬ? እኔ ደኅና ነኝ። ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉንፋን ስሰማ እውላለሁ፤ የጉልበት ቅባት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ጠዋትና ማታ ተቀባ፤ ትንሽ ያቃጥላል።

እንዳዘዝከኝ ዞርኩ። መጀመሪያ መርካቶ አብዱልጀሊል የሚባል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ከበሩ ሳልገባ «እህቴ፣ ወርቅ ነው ወይስ ቅርስ?» አለኝ። «ፌሮ ነው» ስለው ከት ብሎ ሳቀ። «ፌሮማ ማዶ ያለው ሱቅ በቤርጋ በቤርጋ ተደርድሮ አለልሽ፤ ምን ያስፈልግሻል!» አለ። ያለው ማሽን የሆቴል ዘበኞች እጅ ላይ የምታየው ዱላ መሳይ ነገር ነው። ዋጋው ቀላል ስለሆነ ገዝቼዋለሁ፤ ፍቃዱ ያመጣልሃል። በቁልፌ ሞከርኩት፤ ሰፈሩን ቀወጠው።

ሁለተኛው ቦሌ አካባቢ ያለ የግንባታ መሣሪያ አስመጪ ኩባንያ ነው። እነሱ ዘንድ ያለው ቁም ነገረኛ ነው። መሬት ውስጥ ከክንድም በላይ ያያል፤ ለፌሮና ለቆርቆሮ ድምፁ ይለያያል። ግን ፎርም አላቸው። ገዢው ማን ነው፣ የት ይጠቀምበታል፣ የሚፈለግበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ሁሉ ተሞልቶ የምትኖርበት ቀጠና አስተዳደር ማህተም ሊመታበት ነው። ሠራተኛዋን ምን ያደርግላችኋል ብላት «እኛ አገር ብረት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፈንጂ ነው፤ ማን ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለብን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን ብዬ ልሙላው?

የድሮ ሰፈራችን ዓይናለም ከሄድክ ኣደይ ኣዳነችን ሳምልኝ። ልጇ ሓየሎም በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩላትም። አብረን ተምረን አድገን እንዲህ መሆኔ ያሳፍረኛል።

ልጅህ ሳምራዊት


መቀሌ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቅባቱ ትንሽ ያቃጥላል ላልሽው፣ ትንሽ ማለት ለአንቺ ምን ያህል እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ማሽኑም ደርሶኛል። መጀመሪያ በቀበቶዬ ጮኸ። ቀበቶዬን ፈታሁ፤ በጥርሴ ጮኸ። ዓይናለም ወስጄ መሬት ላይ ባስጠጋው ደግሞ ከጣት በታች ያለውን አላይም አለ። ከላይ ያለውን ግን አንድም አይምር፤ የጠርሙስ ክዳኑን፣ የሰርዲን ቆርቆሮውን፣ ከጦርነቱ የተረፈውን ስብርባሪ ሁሉ ይጮህበታል። ሰው ተሰብስቦ «ኣቶ ከፋለ ዘበኝነት ተቀጠሩ» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ረዳኢን ታስታውሺዋለሽ፤ ከወይዘሮ ኣዳነች ጋር አጥር የሚጋራው። «ግቢህን ከፈንጂ ስብርባሪ ልፈትሽልህ» ብዬው ደስ ብሎት ፈቅዶልኛል። ስለዚህ ጠልቆ የሚያየው ማሽን ያስፈልገኛል።

ፎርሙን ግን ተይው። «የሚፈለግበት ምክንያት» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ዳቦ ስንገዛ ለምን ትበሉታላችሁ ይሉናል? ሠላሳ ዓመት ለመንግሥት ፎርም ስሞላ ኖሬ፣ በጡረታዬ ደግሞ ነጋዴ ይመርምረኝ? ሌላ ሱቅ ፈልጊልኝ፤ የማይጠይቁበት። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል ግድ የለኝም።

ወይዘሮ ኣዳነችን አልሳምኩልሽም። ታማለች፤ ዓይኗም ደክሟል፤ ከቤት አትወጣም። ቁርባን ካቆመች ዓመት አልፏታል ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ የማዘጋጃ ቤት ቀያሾች ለአዲሱ ካርታ እዚያ ሰፈር ይገባሉ። አጥሩ ዛሬ ባለበት ከጸደቀ በኋላ የሚነካው የለም። ለዚህ ነው ቶሎ በይልኝ የምልሽ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰህ።

የማይጠይቁበት ሱቅ አግኝቻለሁ። ሱቅ እንኳ አይባልም፤ ገበየሁ የሚባል ሰው በቴሌግራም ነው የሚሸጠው። ኩባንያው ዘንድ ያየሁትን ማሽን ራሱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ከእኔ የሚፈለግ ወረቀት አለ?» ብዬ ብጠይቀው «ገንዘብ ብቻ» አለኝ። ቅዳሜ ልገዛልህ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩትና ሳልወርድ ተመለስኩ።

ሰው ሲዋሽ ያስላል ብቻ ሳይሆን ይቆጣልም። ስለ ፎርሙ ለምን እንዲያ ተቆጣህ? ለመዝናኛ ነው ያልከኝ ብረት እንዴት ከፋሲካ በፊት ካልተገኘ የሚል ቀጠሮ ይኖረዋል? ደግሞ ዓይናለም ውስጥ ጠፋ ሲባል የሰማሁት ፌሮ አንድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ያኔ እዚያ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለን፣ ሓየሎምን «የችካል ነቃይ ልጅ» እያልን እናሳድደው ነበር። እናቱ ወሰን ለመግፋት ፌሮውን ነቅላለች ይባል አልነበር? ስድቡ ዜማ ሁሉ ነበረው። ዜማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሳዜመው ሰማኸኝና በጥፊ መታኸኝ። በዕድሜዬ እጅህ ያረፈብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው መስደብ ነውር ስለሆነ መስሎኝ እስከ ዛሬ ኖርኩ።

አባዬ፣ ለምን ነበር የመታኸኝ?

ሳምራዊት


መቀሌ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ለዚህ ደብዳቤ አራት ቀን ወሰደብኝ። እየጻፍኩ እቀድደዋለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ። አሁን ሳልቆም ልጨርሰው።

ፌሮውን የነቀለው የለም። እዚያው ነው ያለው። ወደ ታች መትቼ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

በ1996 ዓ.ም. ከተማው ወደ ዓይናለም ሲሰፋ ያንን ሰፈር የሸነሸንኩት እኔ ነበርኩ። በወይዘሮ ኣዳነችና በረዳኢ ቦታ መካከል የወሰኑን ፌሮ የተከልኩትም ራሴ ነኝ፤ በትክክለኛው ቦታ። ቢሮ ገብቼ ካርታውን ስሠራ ግን ከመስክ ደብተሬ ላይ አሥራ ሰባቱን ሜትር አሥራ አራት ብዬ ገለበጥኩት። ሦስት ሜትር ከእሷ ላይ ተቆረጠ። ስሕተቱን ያየሁት ካርታው ተፈርሞ ማህተም ከተመታበት በኋላ ነው። አንድ የማረሚያ ማስታወሻ ብጽፍ ነገሩ ያልቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ለቡድን መሪነት ታጭቼ ነበር። «ከፋለ ቁጥር ይስታል» መባልን ፈራሁ። መሬቱና ካርታው ሲለያዩ ካርታውን ማረም ሲገባኝ መሬቱን አረምኩት።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ መዶሻ በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ብነቅለው ጉድጓዱ ያሳብቅብኝ ነበር። ስለዚህ ዙሪያውን ፈንቅዬ፣ እየመታሁ ክንድ ያህል አሰመጥኩትና አፈሩን መለስኩበት። ቅዳሴው ሳያልቅ ቤቴ ገብቻለሁ።

ከዚያ ረዳኢ ካርታውን ይዞ አጥሩን ሦስት ሜትር ወደ እሷ አስገብቶ ሠራ። እሱ ጥፋት የለበትም፤ ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረገው። እሷ «ፌሮው የነበረው እዚህ ነው» ስትል ሰው ደግሞ «ካርታው ከሚያሳየው ቦታ ነቅላው ነው» አለ። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያን ወስደው አስማሏት። «አልነቀልኩም፤ ዋሽቼ እንደሆነ በልጄ ይድረስብኝ» ብላ ማለች። ቄሱም ነገሩ እንዳይባባስ ማንም ያን ወሰን እንዳይቆፍር ገዘቱ። እኔ በባለሙያነት ተጠርቼ እዚያው ቆሜ ነበር። «ካርታው ትክክል ነው ወይ?» አሉኝ። «ትክክል ነው» አልኩ።

አንቺን የመታሁሽ ለዚህ ነው። ያ ጥፊ የኔ ነበር፤ አንቺ ላይ አረፈ። ይቅር በይኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ከሦስት ሜትር መሬት በላይ ባልሆነ። ጥቅምት 2016 የሓየሎም መርዶ ሲነገር ሐዘን ቤቱ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ሁለት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ «መሐላው ነው፤ በልጄ ይድረስ አላለችም?» ተባባሉ። እኔ ንፍሮ እየዘገንኩ ነበር። መዝገኔን አላቆምኩም። ልጄ፣ ከፌሮው ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ንፍሮ ነው።

ባለፈው ኅዳር ልጠይቃት ሄድኩ። እንዲህ አለችኝ፦ «ኣቶ ከፋለ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ሰው ሳያውቀው በሐሰት ይምላል? ዓይኔ ተሳስቶ ይሆን? ወደይን፣ ልጄን፣ የበላሁት እኔ እሆን?» ቁርባን ያቆመችው ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት «አየሁት» ስትል የኖረች ሴት፣ ልጇ ሲሞት ዓይኗን ማመን አቃታት። እኔ ምን አልኳት? «ይህን አያስቡ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብያት ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ነው ማሽን የመግዛት ሐሳብ የመጣልኝ። የረዳኢን ግቢ ከፈንጂ እፈትሻለሁ ብዬ ገብቼ፣ ፌሮው በድንገት እንዲገኝ። ሰው «ተአምር ነው» ይላል፤ እኔም አብሬ «ተአምር ነው» እላለሁ፤ እሷም ትድናለች። ያለ ማሽን እንዳልፈልገው ምልክቴ የነበረው የወይራ ዛፍ በከበባው ጊዜ ለማገዶ ተቆርጧል፤ የመስክ ደብተሬም ቢሮው ሲዘረፍ ጠፍቷል።

ገበየሁ የምትይው ሰው ዘንድ ግዢልኝ። እለምንሻለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህን ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደንበኛ ሲጠራኝ አልሰማሁም። እወድሃለሁ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ሌላ ቀን እለዋለሁ።

ተናድጃለሁ። ስለ ጥፊው አይደለም። እዚያ ቆመህ «ትክክል ነው» ስላልክ ነው። ሓየሎም እረፍት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ሲቆም አየው ስለነበር ነው። እኔም ዜማውን ስላወጣሁ ነው።

አሁን ዕቅድህን ልጠይቅህ። ማሽኑ ፌሮውን አገኘው እንበል። ፌሮው ክንድ ያህል እንዴት ሰመጠ? ማሽን ይህን አይናገርም። ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? «ያኔ ራሷ የቀበረችው ነው» ይላታል። በእርጅናዋ ሌላ ስም ታወጣላታለህ። አባዬ፣ የምትፈልገው ፌሮው እንዲገኝ ነው ወይስ አንተ እንዳትገኝ?

ማሽኑን ልግዛልህ፤ ገንዘቡ አለኝ። ሁለት ቦታ አለልህ። ገበየሁ ዘንድ ከገዛሁልህ ማንም ምንም አይጠይቅህም። ኩባንያው ዘንድ ከገዛሁልህ የሚፈለግበትን ምክንያት በእጅህ ጽፈህ፣ ስምህን ፈርመህ፣ ማህተም አስመትተህ ትልካለህ። ፎርሙ ከዚህ ጋር አለ። የት እንደምገዛ አንተ ምረጥ፤ እኔ አልመርጥልህም።

ለኣደይ ኣዳነች የጻፍኩት ደብዳቤም በሌላ ፖስታ አለ። ዓይኗ ደክሟል ስላልከኝ፣ ፊቷ ከፍተህ አንብብላት። አስቀድመህ እንዳትከፍተው።

ሳምራዊት


መቀሌ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፣

መርጫለሁ። ኩባንያው ዘንድ ግዢልኝ።

ምክንያቱን መጀመሪያ «ለግል አገልግሎት» ብዬ ሞላሁት። ቀጥሎ በሌላ ወረቀት «ለቅየሳ ጥናት» አልኩ። ይህኛው ይባስ ብሎ አኮራኝ። ሦስተኛው «የጠፋ የወሰን ፌሮ ለማፈላለግ» ይል ነበር። «የጠፋ» የሚለውን ሰረዝኩት። ፌሮው አልጠፋም።

ዛሬ ማታ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «እኔ ከፋለ በ1996 ዓ.ም. በሥራዬ ላይ የፈጸምኩትን ስሕተት ለመሸፈን በወይዘሮ ኣዳነች ወሰን ላይ የነበረውን ፌሮ በእጄ ቀብሬ፣ እሷ ነቀለች ሲባል ዝም ስላልኩ፣ ፌሮውን አውጥቼ ለማሳየት።» ቦታው አልበቃኝም፤ የመጨረሻዋ መስመር ጠርዙ ላይ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ማህተም አስመትቼ፣ ከዚያው ወደ እሷ ሄጄ እነግራታለሁ። ሰው ሳይሰማ ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው የምፈልገው። ደብዳቤሽን አልከፈትኩትም።

አባትሽ


መቀሌ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሳምራዊት፣

ማሽኑን አትግዢ። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሰኞ ቀጠናው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ማህተሙን የምትይዘው ኤልሻዳይ የምትባል ጥንቁቅ ልጅ ናት። ወረቀቱን ለባለጉዳዩ ጮክ ብላ ታነብበትና «ይህ ነው ያሉት?» ትለዋለች፤ «አዎ» ካላለ አትመታም። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይታለል ብላ ያመጣችው ደግ ልማድ ነው። እኔ ይህን አላወቅሁም። ከኋላዬ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፏል። ማንበብ ጀመረች። «በእጄ ቀብሬ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ፤ እስከ መጨረሻው ግን አነበበችው። «ይህ ነው ያሉት?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ማህተሙን አንስታ መታችው።

ዞር ስል ከዓይናለም የመጡ ሁለት ሴቶች አየሁ። አንዷ ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ወሬው እንዳይቀድመኝ መንገዱን ሁሉ «ፍጠን» እያልኩ ባለባጃጁን አስጨነቅሁት። በዚህ ዕድሜዬ የተሯሯጥኩት እውነት ለመናገር ነው፤ ቀድሜ ብሯሯጥ ምን ነበረበት!

ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኳት፤ ከካርታው እስከ ንፍሮው። ስጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። ነጠላዋን ገልጣ «አንተ» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዐውቀው ነበር። ዓይኔን ያስካድከኝ አንተ ነህ።» ይቅርታ ስላት «እሱን ገና ነኝ» አለች። «ለእኔ በጓሮ አትንገረኝ። እኔ የማልኩበት ቦታ ቆመህ ንገርልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሕዝቡን አስቁመውልኝ ተናገርኩ። ልጄ፣ ሰው ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሦስት እርምጃ ራቁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር። ቄሱ የድሮውን ግዝት ፈቱ። ሁሉም ተነሥቶ ወደ ረዳኢ ግቢ ሄደ። ረዳኢ በሩን ከፍቶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔም ቀያሽ ነኝና፣ «ቦታውን አሁን መለየት አይቻልም፤ ማሽን ከአዲስ አበባ ታዝዟል፤ እስኪመጣ ትንሽ ታገሡ» አልኩ።

«ማሽን ለምን?» አለች ወይዘሮ ኣዳነች።

«ፌሮው የት እንዳለ ለማወቅ ነዋ።»

«የት እንዳለማ ሃያ አንድ ዓመት ነገርኳችሁ።»

ከሰው መካከል ወጥታ በምርኩዟ እየሄደች የረዳኢ የዶሮ ቤት ጥግ ስትደርስ ቆመች። በእግሯ መሬቱን ነካ አድርጋ «እዚህ» አለች። ረዳኢ ዶማውን ራሱ አምጥቶ ቆፈረ። ጉልበት ድረስ ሲወርድ ዶማው ብረት መታ። ፌሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ በእኔ መዶሻ ተጠፍጥፏል።

ሳምራዊት፣ ሦስት ወር ሙሉ ማሽን ከየት ይገዛ ብዬ አንቺንም እኔንም ሳስጨንቅ፣ እሷን መጠየቅ አንድ ቀን አልታሰበኝም። ማንም አስቦት አያውቅም። እሷም ግዝቱን አክብራ በእጇ አፈር አልነካችም። ከሠራሁት ሁሉ ይህ እስከ መቃብር አብሮኝ ይሄዳል።

ለመሬት ቢሮውም ጽፌያለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ረዳኢ ቀያሾቹ ሲመጡ አጥሩን ራሱ እንደሚያነሣ ሽማግሌዎች ፊት ተናግሯል። ሰፈሩ ሰላምታዬን አንዳንዱ ይመልሳል፤ አንዳንዱ አይመልስም። አንቺ የጻፍሽላትን እንዳዘዝሽኝ ፊቷ ከፍቼ አነበብኩላት። የዜማው ነገር ላይ ስደርስ ፈገግ አለች። «ልጅ አልነበረች? ንገራት፣ ለፋሲካ ትምጣ» ብላሻለች። ለእኔ ፈገግ አላለችም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ፌሮው የወጣ ዕለት ሁሉም ጉድጓዱን ሲያይ እሷ አላየችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

«እንግዲያ ወደይ በእኔ መሐላ አልሞተም?»

«አልሞተም» አልኳት። «እውነት ነው የማሉት።»

«ድገመው።»

ደገምኩላት። እንደገና አስደገመችኝ። ሰው ተበትኖ ስነሣ «ነገም መጥተህ ንገረኝ» አለች። ሄጄ ነገርኳት። በማግሥቱም እንዲሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ሰምታኝ ስታበቃ «ነገም» አለችኝ።

አባትሽ ከፋለ